ርዕሱን ብቻ አይተን አናጋራ
(ለመቐለ መስጂዶች ጀመዓ የቀረበ ንግግር)



ጥር 13 ቀን 2017 በከተማችን አደባባይ የወጣነው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርት ገበታ የተከለከሉ እህቶቻችን ይመለሱ አልን። በዚህ ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ የቀሩት 159 ተማሪዎች መሆናቸው ተነግሯል። ጥያቄው የሚመለከተው ክልከላውን ያወጡትንና ማስቆም የሚገባቸውን ኃላፊዎች ነው። ከጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ጋር ጠብ የለንም፤ ሐዘናችንንም ሰርጋችንንም አብረን የምንውል ነን።

ስልካችንን ስንከፍት ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። «ሰበር»፣ «አስደንጋጭ»፣ «ጉድ ተሰማ» ይላል፤ የሌላ ቦታ፣ የሌላ ዓመት ፎቶ ተለጥፎበታል፣ ቀይ ቀስት ተስሎበታል። ርዕሱ ሁለቱ ሃይማኖቶች ሊተላለቁ ነው የሚል መንፈስ አለው። ከፍተን ስንሰማው ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ነው፤ ስለ ልጆቹ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢገኝ ነው። ዩቲዩብ ማስታወቂያ እያስገባ ባለቤቱን የሚከፍለው በተመልካች ብዛት ነውና፣ ተናደን ብንከፍተውም ተደስተን ብንከፍተው ለእሱ ያው ገበያ ነው። እየተሳደብን ለሌላው ስንልከው ደግሞ ያለ ደመወዝ እንሠራለታለን።

የሚያስቆጣውስ ቢያንስ ያስጠነቅቀናል። የሚያስደስተው ርዕስ ግን ይበልጥ ይጎዳል። የአክሱም ፍርድ ቤት ክልከላው እንዲታገድ ሲያዝ ነገሩ አለቀ ብለን እንኳን ደስ ያላችሁ የተባባልን ብዙ ነን። የፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ትልቅ ነገር ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እግድ ወጣ ማለትና ልጅቷ ሒጃቧን ለብሳ ክፍል ገባች ማለት አንድ አይደለም። «ተፈታ» የሚል ርዕስ ሲበዛ ጠያቂው ቤቱ ይገባል፤ ልጅቷ በር ላይ ትቀራለች።

ይህ በዚህችው ምድር የተሰደዱት ሶሐባዎች ያዩት ነው። ወደ ሐበሻ ከመጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁረይሾች ሰለሙ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ለስደተኛ ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች አለ? ከመካከላቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው የተመለሱ ነበሩ። መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ከፊሉ በሰው ከለላ፣ ከፊሉ ተደብቆ ገባ። ነጃሺ በበኩሉ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው ስደተኞቹን ስጠን ሲሉት፣ መጀመሪያ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን አስጠርቶ ሰማ። በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣላችሁ አረጋግጡ የተባልነውም ሳናውቅ ሰው እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት ነው።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰኔ 2013 በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶብን ስለ እኛ የሚወራውን እንኳ መስማት አልቻልንም። ዘመድ ሞተ ሲባል የተቀመጥንለት፣ በኋላ በሕይወት የተገኘ ስንት አለ። ያልተጣራ ወሬ ምን እንደሚያደርግ ለመቐለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፣ ስለ አክሱም እህቶቻችሁ አንድ ነገር ሲደርሳችሁ ውስጡን አንብቡ። የተባለው መቼ ነው? የተናገረው ማን ነው? የትኛው ትምህርት ቤት ነው? ደብዳቤ ወጣ ከተባለ ቀኑና ማኅተሙ ይታያል ወይ? የክልላችን የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ምን አለ? ይህን ካላገኛችሁ አትላኩት። የልጆቹንም ፊትና ስም አታሰራጩ፤ ነገ ወደ ክፍል የሚመለሱት እነሱ ናቸው።

ስማርት ስልክ የሌላቸው አባቶችና እናቶች ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ነው የሚሰሙት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ርዕሱን ሳይሆን ውስጡን አንብቡላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።