የወጣው የት ይወርዳል?

(በዘንገና ሐይቅ ዳር በነበረን የምሩቃን መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ትርፍ ጊዜህ ትንሽ አጫውተን» ሲሉኝ ስለ ሮኬት ነው የማወራው አልኳቸው። አዎ፣ እነሱም እንደ እናንተ ሳቁ። በእኛ አገር ሮኬት ሲባል ወይ ጦርነት ነው የሚታሰበን፣ ወይ የሀብታም አገር ሥራ። እኔ የማወራው ግን «ምን ያህል ከፍ ሊል ይችላል?» የምትለውን ጥያቄ ለመመለስ ብቻ ሰዎች ከሥራና ከትምህርት በተረፈ ጊዜያቸው ስለሚሠሩት ሮኬት ነው።

ይህ ነገር ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 አንድ የአሜሪካ አማተሮች ቡድን ከኔቫዳ በረሃ ያስወነጨፈው ሮኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያንኑ ወሰን አለፍን አሉ። እኔን የማረከኝ አባባላቸው ነው፤ «መቶ በመቶ» አላሉም፤ የመለኪያቸውን ስህተት አስልተው «ማለፋችንን 90 በመቶ እርግጠኞች ነን» አሉ። በ2024 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ወጡ። እነዚህ እኮ እንደ እኛ ዶርም የሚያድሩ፣ ፈተና የሚያስጨንቃቸው ልጆች ናቸው።

በአገራችንም ሰማይን በትርፍ ጊዜ መመልከት ከንቱ አልቀረም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት መነሻው የጥቂት ሰዎች ፍቅር ነበር። ከዚያ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር መጠቀች። ሳተላይቷ የእኛ፣ ሮኬቱ የሰው ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘንገና ልመለስ። ይህ የተቀመጥንበት ቦታ ለሮኬት ጥሩ ነገር አለው። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ሮኬት የሚገጥመው የአየር መጎተትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሦስተኛ ዓመት ሳለን ይህችን ስሌት ያገኘናት ቀን ከዶርም ጓደኞቼ ጋር የተደሰትነው ደስታ! ለማንም ሳንናገር አንድ ሮኬት ሠራን። ስለ ነዳጁ ዛሬም ሆን ብዬ አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ይዘነው ወደዚህ መጣን። ከሐይቁ ወዲያ ያለ አንድ የግጦሽ ሜዳ መረጥን። ሰው አላየንም፤ ሰው ካላየን ሰው የለም ብለን ወሰንን። ቆጠርን፣ ለኮስን። ወጣ! ምናልባት መቶ ሜትር። ከዚያ አፍንጫውን ጠመዘዘና በአግድም ሄደ። ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ። እኛ እየጮህን፣ እየተቃቀፍን ሳለ ጭስ አየን።

ከኮረብታው ጀርባ የአንድ አባወራ አውድማ ነበር። የገብሱ ክምር ገና አልተወቃም። ጎረቤት ውኃ ይዞ፣ ቅጠል ይዞ ተሯሯጠ፤ ከክምሩ ግማሹ ተረፈ፣ ግማሹ ሄደ። የዓመት እህል ነው፣ ወገኖቼ። ልጆቻቸው ቆመው ያዩን ነበር።

ዱላ ጠበቅን። እኒያ አባት ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «ልጆቼ፣ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ያምራል። ግን የት እንደሚወርድ ማንን ጠየቃችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እስካሁንም ያችን ጥያቄ ነው የምመልሰው።

በሽማግሌ ታረቅን። ዕዳውን ደመወዝ ስንይዝ፣ በሁለት ዓመት ከፍለን ጨረስን። በግቢ በኩል የመጣው መልስ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ክልክል ነው። ማንም ቁጭ ብሎ «ምን ተሳሳታችሁ?» አላለንም። ተማሪው መሥራቱን አልተወም፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ከእኛ የባሰ ተደብቀው እንደሞከሩ ኋላ ሰማሁ።

ምን እንደተሳሳትን ብቻዬን ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ። አንደኛ፣ ሮኬታችን ጅራቱ ከባድ፣ ክንፎቹ ትንንሽ ነበሩ። የፈረሰኞቻችንን ጦር አስቡት፤ ብረቱ ከፊት የሆነው ለመውጋት ብቻ አይደለም፣ ጦሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድም ነው። የሮኬትም የክብደቱ ማዕከል አየሩ ከሚገፋበት ማዕከል ቀድሞ ወደ አፍንጫው መሆን አለበት፤ ካልሆነ በአየር ላይ ይገለባበጣል። ይህንን ከማስወንጨፍ በፊት በወረቀትና በአንድ ክር ላይ አንጠልጥሎ ማረጋገጥ ይቻል ነበር።

ሁለተኛ፣ መውረዱን አላሰላንም። አንድ ሮኬት 1,000 ሜትር ወጥቶ ፓራሹቱ ቢከፈት፣ በሰከንድ 5 ሜትር ቢወርድ፣ መሬት ለመድረስ 200 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ጊዜ 1,200 ሜትር ይወስደዋል። ማለትም ከዚህ የተነሣው የሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ፓራሹቱ ባይከፈትስ? አየሩ ባይዘው ኖሮ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር በሆነ ነበር። አየሩ ቢቀንሰውም ያንን የሚቀበል ሰውም ሆነ ላም የለም።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ «አቁም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ሦስታችንም ለመለኮስ ቸኩለን ነበር።

ታሪኩን ሳነብ ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1957 ስፑትኒክ ስትመጥቅ በአሜሪካ ስንት ልጅ በየጓሮው ሮኬት ሊሠራ ተነሣ፤ ጣቱን ያጣ፣ ዓይኑን ያጣ ነበር። በዚያው ዓመት የሮኬት ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ነዳጁን ልጆች ራሳቸው እንዳይቀምሙ፣ በፋብሪካ የተሠራ ሞተር እንዲጠቀሙ ሕግ አወጡ። ትልልቅ ሞተር የሚፈልግ ደግሞ በሦስት ደረጃ እየተፈተነ ይፈቀድለታል። ሜዳው ላይ አንድ የደኅንነት ኃላፊ ይቆማል፤ እሱ «አይሆንም» ካለ በቃ፣ ፕሮፌሰርም ብትሆን አይሆንም። ያ ክልከላ አይደለም። ልጁ በግልጽ እንዲሠራ የተከፈተ በር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

መምህሮቻችንን፦ ከእናንተ አንድ ሰው «የሮኬት ክበብ ደኅንነት ኃላፊ እኔ ነኝ» ይበል። ሥራው ሮኬት ማወቅ ሳይሆን ቆም ማድረግ ነው። መጀመሪያው ዓመት እሳት የለም። በሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ሲሶው ውኃ፣ በብስክሌት ፓምፕ የተነፋ አየር። ውኃው ወደ ታች ሲፈናጠር ፕላስቲኩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ያ ነው። እሱም ቢሆን ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ በረጅም ገመድ ከርቀት ይለቀቃል።

በአቪዬሽን ሥራ ላይ ያላችሁ ጓደኞቼን፦ ወደፊት እሳት ያለው ሮኬት ሲመጣ የሰማዩ ፈቃድ በደንቡ እንዲጠየቅ ደብዳቤውን አብራችሁን ጻፉ። ከበላያችን የሚበር አውሮፕላን አለ።

ሌሎቻችንን፦ የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች እንግዛላቸው። ተማሪው «በጣም ወጣ» ማለቱን ትቶ «41 ሜትር፣ ሁለት ሜትር ቢሳሳት» ማለትን ይልመድ። መሐንዲስ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት እኒያን አባት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አርጅተዋል፤ አወቁኝ። ተማሪዎቹ የውኃ ሮኬት ሊለቁ ስላሰቡ ሜዳውን እንዲፈቅዱልን ለመንኳቸው። ምን እንደሚወርድ ጠየቁኝ፤ ባዶ ፕላስቲክ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ይሁን፤ ግን ክምሩ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ» አሉኝ።

ቀኑ እንግዲህ ተቆርጧል፤ የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ከጥር አጋማሽ በፊት ማንም ፓምፕ አይነካም።