ሞጁሉን ይዘን ወደ ገጠር ስንመለስ
(ለፕሮጀክት ባለሙያዎች በተዘጋጀ የምክክር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመካከላችን አንዳንዶች የገጠር ልማትንና የድህነት ቅነሳን በርቀት ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ይከታተላሉ። ሌሎቻችን ከአብነት ትምህርት ቤትና ከሥነ መለኮት የመጣን ስንሆን፣ ሞጁሉን እየተዋዋስን አብረን እናነባለን። ቀን በመስክ ውለን ማታ በባትሪ ብርሃን የምናነበው ነገር ወደ ራሳችን ሥራ እየመለሰ ስለሚጠይቀን፣ ያገኘነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ሮበርት ቻምበርስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የልማት ሠራተኛ ድህነትን ሳያይ የሚመለስባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። መኪና በሚገባበት መንገድ ዳር ይጎበኛል፤ በበጋ ይሄዳል፤ የሚያነጋግረውም በአብዛኛው ወንዶችንና ሻል ያለ ኑሮ ያላቸውን ነው። ይህን ስናነብ የመስክ ሪፖርቶቻችንን አገላብጠን አየን። አብዛኞቹ ከኅዳር እስከ ግንቦት የተጻፉ ናቸው። ጎተራ የሚራቆትበትን ሐምሌንና ነሐሴን ግን አናውቃቸውም ነበር።

አማርትያ ሴንም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ስለ ወሎ ረኃብ ጽፏል። በወሎ አዝመራው ቢጠፋም የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት እጅግ አልቀነሰም ነበር፤ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ያጣው እህሉን የሚገዛበትን አቅም ነው። ስለዚህ «ምን ያህል እህል አለ?» ከማለት ጋር «ማን ያገኘዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ጥያቄ ይዘን ባለፈው ክረምት ምንጭ ወዳጎለበትንበት አንድ ቀበሌ በእግር ወጣን። በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ አንዲት እናት አገኘን። ስማቸው በተጠቃሚዎች መዝገብ አልነበረም፤ የጉልበትና የድንጋይ መዋጮ አላሟሉምና። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ «ዲያቆን፣ ድንጋይ ስሸከም በዋልሁበት ቀን ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አሉን። የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙት ሰው ቤት በቀን ሥራ እየዋሉ ነበር። በሪፖርታችን ላይ ግን «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተሟላ ነው» ብለን ጽፈናል። መዋጮውን የደነገግነው እኛው ነን፤ ጥፋቱም የእኛው ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመስክ ጉብኝቶቻችን ቢያንስ አንዱ በክረምት፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ከመዋጮ ነጻ ይሁን፤ የተጠቃሚዎችም ዝርዝር ሴቶች ባሉበት በሕዝብ ፊት ይነበብ። የደብሩ ካህናት የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣበት ያውቃሉና፣ የንስሓ ምሥጢር ሳይነካ ምክራቸው ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ለሚማሩ ባልደረቦቻችን የፈተና ሳምንት ፈቃድ ይሰጣቸው፤ እነርሱም ያነበቡትን በየወሩ ለሌሎቻችን ያስረዱ። የመመረቂያ ጥናታቸውን ርእስ ከምንሠራባቸው ቀበሌዎች ቢመርጡ ድካማቸው እጥፍ ፍሬ ያፈራል።

ዲግሪው የሚማረው ሰው ነው፤ ዕውቀቱ ግን የእነዚያ እናት ገንዘብ ነው። ጊዜያቸውን ሰጥተው አስተምረውናልና፣ በሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ስማቸው ካልተገኘ ተማርን ማለት አንችልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።