ገንዘባችንንና መጋዘናችንን በገዛ ዓይናችን እንጠብቅ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)








በእንዲህ ያለ በዓል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ተሠራው ሥራ ነው። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ግን የተሠራው እንዳይጠፋ ስለ መጠበቅ ነው። ይኸውም ሐሰተኛ ብርን ስለ መለየትና መጋዘንን በካሜራ ስለ መጠበቅ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ ቢመስሉም ዓላማቸው አንድ ነው። የላስታ አርሶ አደር በዳገትና በቁልቁለት የለፋበት ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማርና በግ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ፣ ገንዘቡም ተመልሶ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲሆን፣ በመካከሉ ሌባ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

አባቶቻችን እንዴት ይለዩ ነበር?

ሐሰተኛ ገንዘብ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በእኛ አካባቢ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ በነበረበት ዘመን የሰቆጣ ገበያ የታወቀ የጨው ገበያ ነበር። ማርትሬዛ ብር ሲመጣ ደግሞ አባቶቻችን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በሴትዮዋ ራስና ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ነጥቡ ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ አይቀበሉም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነጥብ ቆጥሮ ራሱን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ የተለየ አይደለም። ምልክቱን ማወቅና ሳይታክቱ ማየት ነው።

አሁን የምንገበያይባቸው የወረቀት ብሮች ይፋ የሆኑት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለወጡ፤ የ200 ብር ኖት አዲስ ተጨመረ። 2.9 ቢሊዮን ኖት እንደታተመና ለሕትመቱም 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ በወቅቱ ተገልጿል። ለአሮጌው ብር መቀየሪያ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ስለሆነም ዛሬ አሮጌውን የ100 ብር ኖት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ብሩ ሐሰተኛ ባይሆንም እንኳ ዋጋ የለውም። ከአያቱ ሣጥን አገኘሁት ቢላችሁም አትቀበሉ።

አራቱ ፍተሻዎች

አንደኛ፣ ዳስሱ። እውነተኛ ብር የሚሠራበት ወረቀት ጥጥ ያለበት ስለሆነ ጠንከር ያለ ነው። የታተመውም ጽሑፍ በጣት ሲዳሰስ ሻከር ይላል። በተራ ወረቀት የተባዛው ግን ልሙጥ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ እጅ ያለፈበት አሮጌ ኖት ይለሰልሳልና በመዳሰስ ብቻ አትፍረዱ።

ሁለተኛ፣ ወደ ብርሃን ያዙት። በወረቀቱ ውስጥ ያለው የውኃ ምልክትና በውስጡ የተቀበረው የደኅንነት ክር በብርሃን ሲታዩ ከፊትም ከኋላም ይወጣሉ። አታላዮች የውኃ ምልክቱን በደብዛዛ ቀለም ከላይ ያትሙታል፤ ክሩንም በመስመር ያሰምሩታል። እንግዲያውስ ምልክቱ ብሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ በጉልህ ከታየ ተጠራጠሩ።

ሦስተኛ፣ አዘንብሉት። የሚያብረቀርቀው ክፍል እውነተኛ ከሆነ ብሩ ሲዘነበል ብርሃኑ ይለዋወጣል። በፎቶ ኮፒ የወጣው ግን እንደ ሞተ ዓይን በአንድ መልክ ይቆያል።

አራተኛ፣ አስተያዩት። ከምታውቁት እውነተኛ ኖት ጎን አስቀምጡት። መጠኑን፣ ቀለሙን፣ የጠርዙን አቆራረጥና የጥቃቅኑን ጽሑፍ ጥራት ተመልከቱ። በተለይም ቁጥሩን እዩ። ሁለት ኖቶች አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር ካላቸው ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ መሆኑን ማንም አያከራክራችሁም።

አንዳንድ ማኅበራት ሰማያዊ መብራት ያለው መፈተሻ ገዝተዋል። መልካም ነው። ተራ ወረቀት በዚህ መብራት ሥር በሙሉ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የብር ወረቀት ግን እንዲህ አያበራም። ነገር ግን በልብስ ኪስ ውስጥ ቀርቶ በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ብርም ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ አጠራጣሪውን ይጠቁማል እንጂ ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

የሚመጣው መቼ ነው?

ሐሰተኛ ብር የሚያልፈው በጥድፊያና በድንግዝግዝ ነው። የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ሊበተን ሲል፣ የሩቅ መንገደኛ ከመጨለሙ በፊት ቤቱ ለመግባት ሲጣደፍ፣ በገና ሰሞን ከተማዋ በምእመናን ስትጨናነቅ፣ የማዳበሪያ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ወቅት ሰልፉ ሲረዝም ነው። አታላይ አንድ ሐሰተኛ ባለ 200 ከሰጠ በኋላ ወሬ ያበዛል፣ ዝርዝር ይጠይቃል፣ ሒሳቡን ያማታል። እናንተም ወሬውን ትታችሁ ብሩን እዩ። አንድ በግ ሸጣችሁ ዋጋውን ከመቁጠራችሁ በፊት ገመዱን አትልቀቁ።

የታሰረ ብር ሲመጣም ላይኛውንና ታችኛውን ዓይቶ መቀበል አይገባም። 100 ኖት ያለው የባለ 200 እስር 20,000 ብር ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ተስፋ ሊሆን ይችላል። እስሩን ፈትታችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ነጭ ወረቀት በመድኃኒት አጥበን ብር እናደርጋለን፣ ገንዘብ እናባዛለን የሚሉም አሉ። ብር ማባዛት የሚችል ሰው ብር ፍለጋ ወደ እናንተ አይመጣም።

በስልክ የሚመጣ ሐሰተኛ ብርም አለ። ቴሌብር ከተጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ መከፋፈል በገጠርም እየተለመደ መጥቷል። ይህም አታላዮች የገንዘብ መግቢያ መልእክት አስመስለው እንዲልኩ፣ ወይም የውሸት ማስረጃ በስልካቸው እንዲያሳዩ በር ከፍቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። የላኪውን ስልክ አትመልከቱ፤ የራሳችሁን ሒሳብ እዩ። ቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ገብታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁ መጨመሩን ሳታረጋግጡ ዕቃ አታስረክቡ።

ሐሰተኛ ብር እጃችን ከገባስ?

ገና ሳንቀበል ከጠረጠርን ሌላ ኖት እንጠይቅ፤ የሰውየውንም መልክ እናስተውል። ከተቀበልን በኋላ ከሆነ ግን ብሩን በፖስታ አድርገን፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ከማን እንደተቀበልን ጽፈን ለባንክ ወይም ለፖሊስ እንስጥ። ለሌላ ሰው ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ገንዘብን ማዘዋወር ወንጀል ነው። እኔም ተታልዬ ነው የተቀበልኩት ማለት አያድንም። ከሕጉም በላይ ያ ብር መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ዓይኗ የደከመ አሮጊት እጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ለቦርዱ ማቅረብ እፈልጋለሁ። በብዙ ማኅበራት ሐሰተኛ ብር ሲገኝ የሚከፍለው ገንዘብ ያዡ ነው። ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ጥብቅ መሆን መልካም ይመስላል። ነገር ግን አስቡት፤ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት የሚያውቅ ሰው ሐሰተኛ ብር ሲያገኝ ለመደበቅና ለሚቀጥለው አባል አሳልፎ ለመስጠት ይፈተናል። በመሆኑም አራቱን ፍተሻዎች አድርጎ የተታለለ ሠራተኛ ቢያስታውቅ ጉዳቱን ማኅበሩ ይሸከም፤ ሳይፈትሽ የተቀበለ ወይም የደበቀ ግን ይጠየቅ የሚል ደንብ ቢወጣ ይሻላል እላለሁ። እንዲህ ሲሆን እውነቱ ወደ ብርሃን ይወጣል።

ስለ ካሜራ

አሁን ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ዛሬ በሲም ካርድ የሚሠራ፣ በሶላር የሚሞላ ካሜራ በገበያ ላይ አለ። ሰው ሲንቀሳቀስ ያየና በስልክ መልእክት ይልካል፤ ወልድያ ወይም ባሕር ዳር ያለ ሰው መጋዘኑን ከዚያው ሆኖ ማየት ይችላል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሆኖም ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብንን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ኔትወርኩን ለኩ። ካሜራውን ለመስቀል ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ሞክሩ። ስልኩ ካልቻለ ካሜራውም አይችልም። ወጪውንም አስሉ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ ለአንድ ሰዓት በቀጥታ ቢታይ 450 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማየት ይልቅ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲቀዳ አድርጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ እንደቆዩ ሁላችንም እናውቃለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥበቃ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ካሜራው ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ያለው ይሁን። በዚያው 1 ሜጋቢት ሒሳብ ያለማቋረጥ የሚቀዳ ካሜራ በቀን 11 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከስድስት ቀን በኋላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። መጋዘኑን በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍት ማኅበር ይህን ካላወቀ ስርቆቱን ሲያገኝ ምስሉ ጠፍቶ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ አሰቃቀሉን አስቡ። አንዱ ካሜራ በሩን፣ ሌላው ሚዛኑን ይይ። የሰው እጅ የማይደርስበት፣ ፊት ግን የሚለይበት ከፍታ ላይ ይሁን። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ የሚያሳየው ቆብና ሻሽ ብቻ ነው። ወደ ምሥራቅ የተከፈተ በር ላይ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ከገባበትም ምስሉ ጥላ ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ። ካሜራው ከሌሊቱ 2 ሰዓት ብሎ ቢጽፍ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ይህ ልዩነት በመዝገብ ካልተያዘ ፖሊስ ጋ ሲቀርብ ክርክር ያስነሳል፤ ንጹሕ ሰውም ሊያስጠረጥር ይችላል።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃሉን ለውጡ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችና ሌሎች መሣሪያዎች በጠላፊዎች እጅ ወድቀው ነበር። የገቡባቸውም ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ሳይለወጥ በመቅረቱ ነው። ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ይዞት መሄድ የለበትም።

ካሜራ የማይሠራው ሥራ

ካሜራ ያያል እንጂ አይዝም። ዘበኛውን አሰናብቶ ካሜራ መስቀል ውሻውን ሸጦ ፎቶውን በር ላይ እንደ መለጠፍ ነው። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ።

ደግሞም ምን እንደነበረ ካልታወቀ ምን እንደጠፋ አይታወቅም። የላሊበላው የአፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከሀገር ወጥቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቤልጅግ መመለሱን የማያስታውስ የላስታ ሰው የለም። ያ መስቀል መልኩ የታወቀ ነበር፤ ይህ ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በእኛ መጋዘን ያለው ኩንታል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የገቢና የወጪ መዝገብ ከሌለ ይህ የእኛ ነው የምንልበት የለንም። ስለዚህ ከካሜራው በፊት መዝገቡ ይቅደም።

በመጨረሻም ካሜራው አባሉንም ያያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው ምስልን ጨምሮ ለግል መረጃ ጥበቃ ይሰጣል። ስለሆነም ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፍ። ምስሉ የአንድ ኃላፊ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በተገኘበት ይከፈት። ጎረቤት ግቢ ወይም ሰዎች የሚያርፉበት ቦታ ላይ አይዙር። ማኅበሩ የአባላቱ ነው፤ ባለቤቱን በድብቅ የሚያይ ዘበኛ የለም።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር በየማኅበራችን በቅርቡ መፈጸም እንችላለን። አንደኛ፣ በገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ በቂ ብርሃንና አራቱ ፍተሻዎች የተጻፉበት ወረቀት ይኑር፤ ማንበብ ለማይችሉም ገንዘብ ያዡ በተግባር ያሳይ። ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ብር ሲገኝ ማን ምን እንደሚያደርግ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ካሜራ የሚገዛ ማኅበር መጀመሪያ መዝገቡንና ቁልፉን ያስተካክል። የወረዳችን ኃላፊዎችና የፖሊስ አባላትም ከገበያ ቀን አስቀድሞ ለሕዝቡ ትምህርት በመስጠት እንዲያግዙን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሌባ የሚፈራው የብዙ ሰው ዓይን ነው። የኅብረት ሥራም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል።