የሞቃዲሾ መስጊዶች ምስክርነት
(በመስጊዳችን የጀማዓ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አሮጌው የመስጊዳችን ክፍል ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለው ጉዳይ ብዙ እንዳነጋገረን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚሁ ምክንያት ዛሬ ስለ ጎረቤታችን ሶማሊያ ዋና ከተማ ስለ ሞቃዲሾ ጥቂት ልናገር ወደድኩ።

ሞቃዲሾ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የተቆረቆረች ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። ነባር ሠፈሮቿ ሐመር ወይንና ሸንጋኒ ይባላሉ። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ቤቱንም መስጊዱንም የገነቡት ባሕሩ በሰጣቸው የኮራል ድንጋይ ሲሆን፣ ኖራውንም ያንኑ ድንጋይ አቃጥለው ያገኙት ነበር።

በሐመር ወይን የሚገኘው የጁምዓ መስጊድ ጽሑፍ 636 ዓመተ ሒጅራን ይጠቅሳል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. 1238 ነው። የፈኽረዲንና የአርበዐ ሩኩን መስጊዶች ደግሞ በ667 ዓመተ ሒጅራ (1269 እ.ኤ.አ. ገደማ) የተሠሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው የዚያን ዘመን ሰዎች ዘመኑን በድንጋይ ላይ ቀርጸው ስላለፉ ነው።

ነገር ግን ከተማ በድንጋይ ብቻ አይቆምም። ታዋቂው ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ1331 ሞቃዲሾ ሲደርስ፣ ወጣቶች በትንንሽ ጀልባ ወደ መርከቡ እየመጡ፣ የተከደነ ምግብ ለነጋዴዎቹ እያቀረቡ፣ እያንዳንዱ አንድ እንግዳ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቷል። ያስተናጋጁ ኃላፊነት ማብላት ብቻ አልነበረም፤ እንግዳው እንዳይታለል ዕቃውን የሚሸጥለትና የሚገዛለት እርሱ ነበር። እንግዳውን አታሎ በርካሽ የገዛ ሰው ሽያጩ አይጸናለትም። ኢብን በጡጣን ግን የዒልም ሰው መሆኑን ሲሰሙ ወደ ቃዲው ወሰዱት። በከተማዋ የሚሸመነው ጨርቅም እስከ ግብፅ ይላክ እንደነበር ጽፏል።

ወገኖቼ፤ በ1991 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ይህችው እንግዳ ተቀባይ ከተማ ከባድ ጉዳት ደረሰባት። ሸንጋኒ በአብዛኛው ፈረሰች፤ ብዙ ቤተሰብም ተሰደደ። ወፍራም ግንብ መተማመን የጠፋበትን ሕዝብ ሊያድን እንደማይችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። ይህ መስጊድ ሲሠራ በትከሻቸው ድንጋይ የተሸከሙ አባቶች ዛሬም በመካከላችን ተቀምጠዋል። እኛ ግን ስማቸውንም ሆነ ዘመኑን የትም አልጻፍንም። ክፍሉ ይጠገን የምትሉም፣ ይፍረስ የምትሉም፣ ሁለታችሁም መስጊዱን ወዳችሁ ነው። የእኔ ልመና አንድ ነው፤ ውሳኔው ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት አባቶችን እንጠይቅ፣ ሚሕራቡን ፎቶግራፍ እናንሣ፣ የሠሩትንም ሰዎች ስም በመዝገብ እናስፍር። ከሁሉም በላይ በዚህ ጉዳይ ተኳርፈን አንለያይ። ልባችን ከተለያየ አዲሱም ግንብ አይጠቅመንም።

አላህ (ሱ.ወ.) የቀደሙትን ይማርልን፤ የሞቃዲሾን ሕዝብ ሰላም ያድርግልን፤ እኛንም በአንድ ሰፍ የምንቆም ያድርገን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።