ለትንሽ ልጅ ቀስት ስትገዙ «ያድግበታል» አትበሉ

ዛሬ የምናነሳው ልጆቻችሁ፣ በተለይም የላግ ባዖሜር በዓል ሲቃረብ፣ ደጋግመው የሚጠይቋችሁን ነገር ነው። ይህ በዓል በዒያር ወር በ18ኛው ቀን ይውላል። በኢትዮጵያ ሳለን አናከብረውም ነበር። እዚህ አገር ግን ልጆች እሳት ያነዳሉ፣ በቀስትም ይጫወታሉ። ስለዚህ ልጃችሁ «ኬሼት ግዙልኝ» ቢላችሁ የሚጠይቀው የእኛኑ ቀስት ነው፤ የሁለቱም ቋንቋ ቃል ሥሩ አንድ ነው።

ለገበያ የሚቀርበው ቀስት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ የጎማ መለጠፊያ ያለው የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ጎማው በቀላሉ ይወልቃል፤ የሚቀረው ባዶ እንጨት ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ መጫወቻ ነው ብላችሁ ልጆችን ብቻቸውን አትተዉ። ሁለተኛው ለስፖርት መማሪያ የሚሆን እውነተኛ ትንሽ ቀስት ነው። የዛሬው ምክራችን በዚህኛው ላይ ነው።

እኛ ወላጆች ጫማም ሆነ ካፖርት ስንገዛ «ያድግበታል» ብለን ሰፋ ያለውን መምረጥ ልማዳችን ነው። ገንዘብ በላብ የሚገኝ ስለሆነ ልማዱ አያስነቅፍም። በቀስት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ቀስቱ የከበደው ልጅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሳያነጣጥርም ይለቀዋል። ያን ጊዜ ፍላጻው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ አጠገቡ ደግሞ ታናሽ እህቱ ቆማ ሊሆን ይችላል።

የቀስት ጉልበት የሚለካው ገመዱን ለመሳብ በሚጠይቀው ኃይል ነው፤ መለኪያውም ፓውንድ ይባላል። 10 ፓውንድ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ለ6 ወይም ለ7 ዓመት ልጅ ከ10 ፓውንድ ያልበለጠ ይበቃል። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላለው ደግሞ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ያለው ይሆነዋል። ይሁን እንጂ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ የልጁን ክንድ እመኑ። ገመዱን ቀስ ብሎ ይሳብ፤ እናንተ እስከ አሥር ስትቆጥሩ ሳይንቀጠቀጥ ይያዝ፤ ከዚያም ሳይለቅ ቀስ አድርጎ ይመልስ። ይህን ካልቻለ ቀለል ያለውን ውሰዱ።

ቀጥሎ የፍላጻው ርዝመት ነው። ልጁ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቁም፤ ከአንዱ የመሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ለኩ። የተገኘውን ለ2.5 አካፍሉ። ለምሳሌ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 48 ይመጣል፤ ልጁ ገመዱን የሚስበው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። ፍላጻው ከዚህ ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ከቀስቱ ወደ ውስጥ ይገባና እጅ ሊወጋ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ልጁ መዳፎቹን አጋጥሞ ትንሽ ቀዳዳ ያብጅ፤ በቀዳዳውም በሁለት ዓይኑ አንድ ሩቅ ነገር ይመልከት። ከዚያ አንዱን ዓይን በየተራ ይጨፍን። ነገሩ ሳይጠፋ የሚታየው ዓይን ዋናው ዓይኑ ነው። ቀኝ ከሆነ ቀስቱን በግራ ይዞ ገመዱን በቀኝ እጁ ይስባል፤ ግራ ከሆነ ተቃራኒው ነው።

በሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚያችሁ ራሱ ልጁ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚመርጠው ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ነው። ስለዚህ ዕድሜውን፣ የእጁን ልክና ዋና ዓይኑን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ቁጥር አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የክንድ መከላከያም አብራችሁ ግዙ፤ ገመዱ ሲለቀቅ ክንድን ይገርፋልና። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በሠፈራችሁ ማትናስ ወይም በአቅራቢያችሁ የቀስት ክበብ ካለ ጠይቁ። ብዙ ክበቦች ለጀማሪ ቀስት ያውሳሉ።

ቤት ከገባ በኋላ ደንቡ ይጽና። ያለ ፍላጻ ባዶውን ገመድ ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ፍላጻውን ሊወረውር የነበረው ኃይል ወደ ቀስቱ ተመልሶ ይሰብረዋል። ሁሉም ሰው ከወርዋሪው ኋላ ይቁም። ፍላጻ የሚለቀመው ሁሉም ቀስታቸውን ካስቀመጡ በኋላ ነው። በኦሎምፒክ ዒላማው 70 ሜትር ይርቃል፤ ለትንሽ ልጅ ግን 5 ሜትር ይበቃዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ልጁ ሲያድግ ቀስቱን ለታናሹ አውርሶ ጠንከር ያለውን ይይዛል። ዛሬ ግን የዛሬ ክንዱን የሚመጥነውን ስጡት።