ልጅ በዘገየ ጊዜ እርስ በርስ ስለ መረዳዳት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሥርዓት 50ኛው ዓመት ሲደርስ ቀንደ መለከት ተነፍቶ ባሪያው ነጻ የሚወጣበት፥ ርስቱን የሸጠው ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየውም ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። ስለዚህ ይህ በዓል ያለፈውን ዘመን ለመቍጠር ብቻ ሳይሆን፥ ሸክም የከበደበትን ሰው ፈልጎ ለማቅለል የተሠራ በዓል ነው። በመርካቶ ደግሞ ሸክም ምን እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ከእህል በረንዳ እስከ ምን አለሽ ተራ ኵንታል ተሸክሞ ለሚያልፍ ሰው ሻጩም ገዢውም መንገድ ይለቃል። ነገር ግን በዓይን የማይታይ ሸክም አለ፤ የማይታይ ስለ ሆነም መንገድ የሚለቅለት የለም። ከእንዲህ ያለው ሸክም አንዱ፥ ልጅ እየተመኙ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት በዝምታ የሚሸከሙት ነው።

በሠርግ ቀን ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን «ውለዱ፥ ክበዱ» ብለው ይመርቃሉ። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዓመት ሲያልፍ ምርቃቱ ጥያቄ ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ሲያልፍ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ዐሥር ዓመት ሲያልፍ ፍርድ ይሆናል። ጎረቤቶቿ ሁሉ «የእገሌ እናት» እየተባሉ በልጆቻቸው ስም ሲጠሩ፥ ያልወለደችው ሴት በራሷ ስም በተጠራች ቍጥር ጉድለቷ የሚነገርባት ይመስላታል። ለክርስትና ሲጠሯት ሄዳ ከሰው ጋራ እልል ትላለች፤ ከቤቷ ገብታ በሯን ስትዘጋ ግን ታለቅሳለች። ባልዋም ከወንዶች መካከል ተቀምጦ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ልጆች ጫማ ዋጋ ሲነገር አንገቱን ይደፋል።

በዚህ ሰፈር ልጅ መፈለግ ስለ ምን ይዘገያል ቢባል ምክንያቱ የታወቀ ነው። ብዙ ሴት ልጅ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ወይም በሰው ሱቅ ትጀምራለች፤ ቀጥላ በበርበሬ በረንዳ ወይም በድር ተራ ትንሽ ንግድ ታቆማለች፤ ባገኘችው ወንድሞቿን ታስተምራለች፤ ለወላጆቿ ቤት ትሠራለች። ሌላይቱ ዐረብ አገር ወርዳ የወጣትነቷን ዓመታት በሰው ልጅ አሳዳጊነት ትጨርሳለች። ወንዱም መነሻ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ማግባቱን ያዘገያል። እንግዲህ ሴቲቱ በ35 ወይም በ38 ዓመቷ ብታገባ ከትዕቢት የመጣ አይደለም፤ የሌላውን ሸክም ስትሸከም የራሷ ጊዜ ስላለፈባት ነው። በወንድሞቿ ትምህርት የተደሰተ ቤተ ሰብ በመዘግየቷ ሊወቅሳት አይገባም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ነገር ያውቁታል። አብርሃም 100፥ ሣራም 90 ዓመት ሲሆናቸው ይስሐቅን ወለዱ። እመቤታችንም ከሐናና ከኢያቄም ልጅ አጥተው ከኖሩ በኋላ ተወለደች። በአገራችንም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ወላጆች ስምዖንና አቅሌስያ ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን እንደ ለመኑ በየገድላቸው ተጽፏል። ይህ ሁሉ በየወሩ ይነበባል። ነገር ግን ንባቡን የሚሰማ ብዙ ሰው ፍጻሜውን ያስታውሳል እንጂ መካከሉን አያስታውስም፤ መካከሉ ግን ረጅም ነበረ።

ለካህናት አባቶች የሳሙኤል እናት ሐና ታሪክ ልዩ ትምህርት አለው። ሐና ከኀዘኗ ብዛት ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርሷ ግን ነገሯን ባስረዳችው ጊዜ ተግሣጹን ትቶ በሰላም አሰናበታት። ካህን እንኳ ሳይጠይቅ ቢፈርድ ሊሳሳት እንደሚችል፥ ጠይቆ ቢሰማ ግን ቃሉ መጽናኛ እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል።

የኤልሳቤጥ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባዋል። ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ከፀነሰች በኋላ 5 ወር ራሷን ሸሸገች። የተመኘችውን ካገኘች በኋላ እንኳ ከሰው ፊት ወጥታ ልታወራው አልፈጠነችም። በ6ኛው ወር እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ሰላም አለቻት፤ 3 ወር ያህልም ከእርሷ ጋራ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች በዕድሜ የተራራቁ ነበሩ፤ አንዲቱ የሌላይቱን ምሥጢር ተሸክማ አብራ ቆየች። መረዳዳት ማለት እንዲህ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ሳይሆን ጊዜ ሰጥቶ መቀመጥ ነው።

ዝምታ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፥ በዚህ ነገር በዝምታ የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በዕድሜው ይህ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። ባልና ሚስት 12 ወር አብረው ኖረው ፅንስ ካልተገኘ ሐኪም ማየት ይገባቸዋል፤ ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ግን ከ6 ወር በላይ መቆየት አይገባም፤ 40 ከሞላት ምንም ሳይቆዩ መሄድ ይሻላል። ምክንያቱም የሴት የዘር ፍሬ ስትወለድ ጀምሮ አብሯት ያለና ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ መቀነሱ ስለሚፈጥን ነው። ፅንስ የመጨንገፉም ነገር ከዕድሜ ጋራ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ለባሎች የሚነገር ቃል አለ። ልጅ ካጡት ቤቶች በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ በወንዱ ወገን ብቻ ወይም በሁለቱም ወገን ይገኛል። የወንዱ ምርመራ ከሴቲቱ ምርመራ ይልቅ ቀላልና ፈጣን ነው። እንዲህም ሆኖ ሚስት ብቻዋን ከሐኪም ወደ ሐኪም፥ ከጠበል ወደ ጠበል ስትንከራተት ባል ሱቁን ጠብቆ የሚቀመጥበት ቤት አለ። ሳይመረመር ሚስቱን የሚከስ፥ ይልቁንም በዚህ ምክንያት ትዳሩን የሚያፈርስ ሰው፥ በመሠረቱ ያላወቀውን ነገር ይፈርዳል። አብረው የተመረቁ አብረው ሊመረመሩ ይገባል።

የሕክምናውም መንገድ ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቷል። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን ከማኅፀን ውጭ በተዋሐደ ዘር ከተፀነሱት መጀመሪያ ሆና ተወለደች፤ በዚህ ሥራ የደከመው ሮበርት ኤድዋርድስም በ2003 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሰጥ ክፍል ተከፍቷል። ነገር ግን ሁሉ ሰው ወደዚህ ሊደርስ ግድ አይደለም፤ አንዳንዱ በመድኃኒት፥ አንዳንዱ ሳይታከም በቆየ ቍስል የተዘጋውን የማኅፀን ቱቦ በማሳየት፥ አንዳንዱም ጊዜውን በማወቅ ብቻ ይረዳል። ደግሞም ይህ ጥበብ ዕድሜን ወደ ኋላ አይመልስም፤ ሴቲቱ 40 ዓመት ካለፋት በራሷ ፍሬ የሚገኘው ውጤት በጣም ይቀንሳል። ይህን በግልጥ መናገር ተስፋ ማስቈረጥ አይደለም፤ የዘገየውን ሰው በከንቱ ቀጠሮ እንዳይዘገይ መርዳት ነው። ፅንስን ተስፋ የምታደርግ ሴት ሁሉ ከመፀነሷ በፊት ጀምራ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ ሕፃኑን ከአንጎልና ከጀርባ አጥንት ጉድለት ለመጠበቅ ይረዳል፤ ይህም በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ነው።

ሐኪም ቤት መሄድ ጠበልን መካድ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንዲገባ የሚያስተምር መሆኑን ያስታውስ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ሴቲቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዛ ብትሄድ፥ በማግስቱም ወደ ሐኪም ብትሄድ፥ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። ስለ ሕክምናው ዓይነት ኅሊናቸው የሚጠይቃቸው ባልና ሚስትም ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ቢያማክሩ፥ አባትም እንደ ዔሊ መጀመሪያ ሳይሆን እንደ ዔሊ መጨረሻ ሊቀበላቸው ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የተረሳውን ነገር መናገር ያስፈልጋል። የመርካቶ ሰው ለቅሶ መድረስ ያውቃል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ነገር ግን በ39 ዓመቷ የፀነሰች ሴት በ3ኛው ወር ፅንሱ ቢወርድባት የዕድሩ ጥሩምባ አይነፋላትም። ለማንም አልተናገረችምና ማንም አያውቅም፤ ቢያውቅም «ገና ነው፥ ሌላ ይመጣል» ይላታል። በማግስቱ ሱቋን ከፍታ እንደ ወትሮው ጨርቅ ትለካለች። እንዲህ ያለው ኀዘን ድንኳን የማይተከልለት ኀዘን ነው። ድንኳን ሊተከልለት ባይቻልም እንኳ፥ ሁለት ሴቶች ቡና ይዘው ገብተው ሳይመክሩና ሳይጠይቁ አብረዋት ቢቀመጡ ለእርሷ ድንኳን ይሆንላታል።

እንግዲህ በዚህ ደብር ያሉት የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በየወሩ በሥላሴ ወይም በማርያም ቀን የሚሰበሰቡ ሴቶች ካሉ ከመካከላቸው ይህን ያሳለፈች አንዲት አትጠፋም። እርሷ ታሪኳን አንድ ጊዜ ብትናገር፥ በዝምታ ለተቀመጠችው ደጅ ትከፍትላታለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ አንዲት እኅት አብራት ትሂድ፤ አንዲቱ ሱቋን ትጠብቅላት። ሕክምናው ገንዘብ ይፈልጋልና፥ የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ለተቸገረው ተራውን እንደሚለቅ ሁሉ፥ ለዚህም ተራ ቢለቀቅ ነውር የለበትም። የወንዶችም ማኅበር እንዲሁ ያድርግ፤ ባልን «መቼ ነው የምትወልዱት» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ይቅር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በድር ተራ የሚውል ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የተነገረውም ነገር በማኅበሩ ውስጥ ይቅር፤ ምሥጢር የማይጠበቅበት ማኅበር ሸክም ይጨምራል እንጂ አያቀልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅ ባይመጣስ? ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባውም፤ ለብዙዎች መልሱ እንዲህ ይሆናልና። በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ አልወለዱም። ልጅ የሌላት ሴት ቤት ባዶ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ልጅ ባልወለደች ሴት በተመሠረተች ከተማ ውስጥ ቆሞ እንደሚናገር ይወቀው። በአገራችን ጉዲፈቻና የጡት ልጅ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከወሰነ ወዲህ ወላጅ ያጡት ሕፃናት ቤት ፍለጋ ወደ ወገናቸው ይመለከታሉ። ቢሆንም ይህ ምክር ኀዘኑ ሳይበርድ እንደ መድኃኒት ሊታዘዝ አይገባም፤ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በጊዜው ሊደርሱበት ይገባል። ማሳደግ የማይችሉ ቢሆኑም፥ ሁለት ሆነው የጸኑበት ቤት ሙሉ ቤት ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚህ በዓል በኋላ እያንዳንዱ ወደ ሱቁና ወደ ቤቱ ይመለሳል። በገበያው መካከል ኵንታል የተሸከመው ሰው ሲመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። ከእርሱ ኋላ ምንም ሳትይዝ የምትሄደው ሴት ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ተሸክማ ይሆናል። ሸክሟን ማንም ላያየው ይችላል፤ ብትናገር ግን የሚሰማትና የሚቀመጥላት ሰው ከዚህ ደብር አትጣ። የኢዮቤልዩው መለከት ለእርሷም የተነፋ ይሁን።

የሐናን ልቅሶ የሰማ፥ ኤልሳቤጥን በእርጅናዋ ያሰበ አምላክ፥ ልጅ ለሚሹት ልጅ፥ ለዘገየባቸው ትዕግሥት፥ ለጎረቤቶቻቸውም አስተዋይ ልብ ይስጥ። አሜን።