የልጅን የአእምሮ ሞገድ አይቶ መተንበይ ይቻላል ወይ?
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ ርእስ ፍለጋ አልደከምኩም። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ቤተሰቦች ያነሡብኝ ጥያቄ ነበረና። ልጁ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፣ የጀመረውን አይጨርስም፤ ሐኪሙ ኤዲኤችዲ ነው ብሏል። ከዚያ አንድ ክሊኒክ የአእምሮውን ሞገድ ለክቶ «ይህ ልጅ በኒውሮፊድባክ ይጠቀማል» ይልና አርባ ቀጠሮ ይሰጣል። ብዙው ኢንሹራንስ አይከፍልለትም፤ ታክሲ ነድቶ ለሚያድር ደግሞ የአርባ ቀጠሮ ሒሳብ የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጁ ራስ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ ኮምፒዩተሩ የአእምሮውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያነባል። የሚፈለገው ሞገድ ሲመጣ በስክሪኑ ላይ ያለው ጨዋታ ይሄዳል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ልጁ በዚህ ትኩረቱን መግራት ይማራል ነው ሐሳቡ። ተራ ወሬ አይደለም፤ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲው ጆኤል ሉባር ከ1970ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው) ጀምረው ሠርተውበታል። ቀርፋፋው ሞገድ ቴታ፣ ፈጣኑ ቤታ ይባላል። ቴታው ከቤታው እጅግ የሚበልጥበት ልጅ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቀማል ተብሎ ለብዙ ዘመን ታምኖበታል።

ይህን እምነት ከፈተኑት አንዱ እዚሁ ኮሎምበስ ያለው፣ ብዙዎቻችን ተማሪ የምናመላልስበት ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኖርዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከ7 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 144 ልጆች መረጠ። ልብ በሉልኝ፤ የተመረጡት ቴታቸው የቤታቸውን ቢያንስ 4.5 እጥፍ የሆነው ብቻ ናቸው፤ «እነዚህማ ይጠቀማሉ» የሚባሉት ማለት ነው። ከፊሎቹ እውነተኛውን፣ ከፊሎቹ አስቀድሞ በተቀዳ ሞገድ የሚሄደውን የማስመሰያ ሥልጠና 38 ጊዜ ወሰዱ። የቱ ለማን እንደ ደረሰ ልጁም፣ ወላጁም፣ አሠልጣኙም አያውቅም። ውጤቱ በ2020 ወጣ። የሁለቱም ወገን ልጆች ተሻሽለዋል፤ ያውም በጣም! ነገር ግን ወላጆችና አስተማሪዎች በሰጡት የትኩረት ነጥብ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እኔ አራት ኪሎ ስታቲስቲክስ ጀምሬ ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን ግን አልረሳኋትም። አንድ ታጋሽ ሰው በየሳምንቱ አጠገቡ ተቀምጦ «ጎበዝ!» የሚለው፣ እናቱ ተስፋ ያደረገችለት፣ በዚያም ላይ በዕድሜ የጨመረ ልጅ ያለ ሞገዱም ሊሻሻል ይችላል። እንግዲህ ክሊኒኩ «እንዲህ ዓይነት ሞገድ ያላቸው ልጆች እኛ ጋ ይሻሻላሉ» ቢል፣ ምናልባት የሚተነብየው ማን በሕክምናው እንደሚጠቀም ሳይሆን ማን በማንኛውም መንገድ እንደሚሻሻል ነው። ሁለቱን የሚለየው የማስመሰያው ቡድን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ መለኪያችሁ ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሮ ተፈትኗል?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቴታና ቤታን የሚያመዛዝን መሣሪያ ፈቅዷል ይሏችሁ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን የተፈቀደው ለበሽታው ምርመራ አጋዥ እንዲሆን እንጂ ማን እንደሚጠቀም ለመናገር አይደለም።

በ2024 መጨረሻ የወጣ፣ 38 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማም፣ ሕክምናውን ማን እንደ ወሰደ በማያውቁ ሰዎች ሲመዘን፣ በቡድን ደረጃ ቁም ነገር የሚባል ጥቅም አላገኘም። ይህ ማለት የሚጠቀም አንድም ልጅ የለም ማለት አይደለም። ያ ልጅ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ የሚለይ የተረጋገጠ መለኪያ ግን እስካሁን የለም።

መድኃኒት እንደምንፈራ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እፈራለሁ። ቢሆንም ማስረጃው ከዚህኛው እጅግ የጠነከረ ነውና፣ ሐኪሙን ሳታማክሩ ታዞ የተጀመረውን አታቋርጡ። ትምህርት ቤቱንም «504 ፕላን» ጠይቁ። ልጁ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ እንግሊዝኛው ለከበደውም አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ ለማቅረብ የተቸገረ ወላጅ ካለ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን አቁሜ እዚሁ አዳራሽ አገኛችኋለሁ፤ የልጁን የትምህርት ቤት ወረቀቶች ይዛችሁ ኑ።